ቀይ ከቀይ አይወለድም

ቀይ ሥር ደም አይሆንም። ከርከዴም ደም አይሆንም። ቀይ የሆነ ነገር በጉሮሮ ወርዶ፣ ሆድ ውስጥ ትንሽ አርፎ፣ ከዚያ ደም ሆኖ በደም ሥር ይሄዳል የሚለው አገር የተስማማበት እውቀት ከመነሻው ስሕተት ነው። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ወተት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ደሙ ነጭ በሆነ ነበር፤ በርበሬ የምናበዛው እኛም ደማችን ሞልቶ በፈሰሰ።

ይህን የምለው ክርክር ስለምወድ አይደለም። ክርክር እወዳለሁ፤ ይሄ ግን ከክርክር ያልፋል። አንዲት ሴት በዚህ እምነት ልትሞት ስትል፣ አንድ ሰው ደግሞ በዚሁ እምነት ሊያድናት እምቢ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለፈው ኅዳር ለዘመድ ጉዳይ ገንዳ ውሃ ወርጄ ነበር። ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ጥሜ አላስቆም ቢለኝ አንድ ጭማቂ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ደም ይተካል» ተብሎ ተጽፏል።

«ምኑ ነው ደም የሚተካው?» አልኳት ባለቤቷን።

«ቀይ ሥሩ ነዋ ጋሼ! ከርከዴም አለበት። ለእርስዎማ ግድ ነው፤ ገርጥተዋል።»

የገረጣሁት ከጎንደር ጀምሮ በሁለት ሰው ወንበር ሦስት ሆነን ተጣብቀን ስለመጣን ነበር። ለእርሷ ግን መንገዱም ወንበሩም ምክንያት አልሆነም፤ ብርጭቆውን ሞልታ ሰጠችኝ። አንድ ጊዜ ሳብኩለት። ያ ኮምጠጥ ብሎ ጥርስ የሚነካው የከርከዴ ጣዕም ምላሴ ላይ ሲያርፍ እናኑ ትዝ አለችኝ። ከእናኑ ጋር ይመር መጣ፤ ከይመር ጋር ያ ጥቅምት።

ማትሪክ ተፈትኜ ውጤቴ የትም አላስገባኝም ነበር። ቤት ተቀምጦ የአባትን ዝምታ ከመስማት ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ማጨድ ይሻላል ብዬ ወጣሁ። የገባሁበት እርሻ ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ባለቤቱ ጎንደር የሚኖር ባለሀብት ነበር፤ አልፎ አልፎ በፒክአፕ መጥቶ፣ ከመኪናው ሳይወርድ መሬቱን በመስኮት አይቶ ይመለሳል። እኛ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ የወረድን አጫጆች በአንድ ትልቅ ዳስ ሥር እናድር ነበር። ከብዙ ዳገት የወረደ ቋንቋ አንድ ዳስ ውስጥ ሲንጫጫ መስማት ብቻውን ትምህርት ነው። እኔ ማትሪክ ላይ የጎደለኝን አማርኛ እዚያ ሞላሁት።

ዝናቡ አቁሞ ዋልካው፣ ያ ጥቁሩ አፈር፣ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ሙቀቱ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከመሬቱም ይነሣል። ሰሊጡ ከግርጌው ወደ ላይ ቢጫ እየሆነ መጥቷል። ሰሊጥን የማያውቅ ሰው ሁሉንም እህል አንድ አድርጎ ያያል። ማሽላ ይታገሣል፤ ቆሞ ይጠብቅሃል። ሰሊጥ ግን ቀጠሮ አያራዝምም። ሲደርስ የታችኛው ፍሬ መያዣው አፉን ይከፍታል፣ ከዚያ የነፈሰ ነፋስ ሁሉ ከአንተ ላይ ይወስዳል። ስለዚህ አፉን ሳይከፍት ይታጨዳል፣ ይታሰራል፣ ነዶው ራሱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተደጋግፎ ይቆማል። ያን ክምር ሂላ ይሉታል። በዚያ ሰሞን የአጫጅ ክንድ ማለት ሀብት ነው፤ አንድ ቀን የተኛ ክንድ የረገፈ ሰሊጥ ነው።

እናኑ የዳሱ ወጥ ቤት ነበረች፤ ከጎጃም የመጣች፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ያልሞላ፣ ምላሷ ከማጭዳችን የሰላ። ይመር ወሎዬ ነው፤ ቁመቱ የዳሱን ምሰሶ የሚያክል፣ በአንድ እጁ የሚጨብጠውን ሰሊጥ እኔ በሁለት እጄ የማላቅፈው ሰው። የወረደው አገሩ ላለው አንድ በሬ ጥማድ የሚሆን ሌላ በሬ ለመግዛት ነበር፤ ይህን በቀን አንድ ጊዜ ሳይነግረን አያድርም። ሁለቱ በየምግቡ ይጣላሉ። ባይጣሉ እኛ ምግቡ አይወርድልንም ነበር።

«እናኑ፣ ይሄ ወጥ ጨው ያውቃል?» ይላል ይመር።

«ጨው ያውቃል፤ አንተን ነው የማያውቅህ።»

«ወላሂ ውሃ ነው!»

«ውሃ ከሆነ ታጠብበት። ለጎረቤትህም ይጠቅማል።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን መልሷ እያጠረ መጣ። ክረምቱን ወባ ደጋግሞ ጥሏት ነበር። ተነሣች ስንል ትወድቃለች፣ ወደቀች ስንል ተነሥታ ሊጥ ስታቦካ እናገኛታለን። ከንፈሯ አመድ መሰለ። ከውሃው በርሜል እስከ ጉልቻው የምትሄዳትን አጭር መንገድ መሐል ላይ ቆማ ትተነፍስ ጀመር።

መድኃኒቱን ያመጣው ዞል ነው። ዞል የትራክተር ነጂያችን ነው፤ የእናት የአባቱ ስም ሌላ ነው። ብዙ ዓመት ገዳሪፍ ሠርቶ ስለተመለሰ ሰውን ሁሉ እንደ ሱዳኖቹ «ያ ዞል»፣ አንተ ሰው ለማለት፣ እያለ ይጠራል፤ ስሙ ተመልሶ እርሱ ላይ ቀረ። የእናኑን ፊት አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ደም ነው ያነሳት። ከርከዴ ትጠጣ። ገዳሪፍ ደም ያነሰው ሰው አይቼ አላውቅም። ለምን? ከርከዴ!»

ማን ይከራከራል? ቀይ ነው፤ እንደ ደም ቀይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ የሄደ ሁሉ ለእናኑ አንድ እፍኝ የደረቀ የከርከዴ አበባ ሳይዝ መመለስ ነውር ሆነ። ይመር እንኳ፣ ጨው የለውም እያለ የሚያማርረው ይመር፣ በኩታው ጫፍ ቋጥሮ ያመጣላት ነበር። ጠዋት ከቁርስ ጋር፣ ቀን ከምሳ ጋር፣ ማታ ከራት ጋር በጣሳ እንቀዳላት ነበር። እንደዚያ ያለ ፍቅር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ትንሽ እንከን ብቻ ነበረበት። የከርከዴ ቅላት የአበባው ቀለም እንጂ ሌላ አይደለም፤ ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው ብረት ነው። ይባስ ብሎ እንደ ከርከዴና እንደ ወፍራም ሻይ ያለ ነገር ከምግብ ጋር ሲጠጣ ምግቡ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ብረት ይዞ ያስቀራታል። እኛ እያከምናት መስሎን ከማሽላ እንጀራዋ ላይ እየነጠቅናት ነበር። ይህን ያወቅሁት ከብዙ መጽሐፍ በኋላ ነው፤ ያኔ እኔም ጣሳ ተሸካሚ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከማብሰያው ዳስ ጀርባ ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። ከተሰነጠቀው ዋልካ ጠርዝ ደረቁን ቅርፊት እየሰበረች ታኝካለች።

«እናኑ! ምን ትበያለሽ?»

«ዝም በል ተማሪው» አለችኝ። ለሁሉም ሰው ተማሪው ነበርኩ። «ዝናብ ዝናብ ይላል። ቅመስ።»

ቀመስኩ። አፈር አፈር ነው የሚለው። ዳሱ ውስጥ ነገሩ ሲሰማ አንዱ ጅን ነው አለ፣ ሌላው ዓይን ነው አለ። ብረት ያነሰው ሰው አፈር እንደሚያምረው፣ ለምን እንደሚያምረው ግን ሳይንሱም ዛሬ ድረስ አጥርቶ እንዳልተናገረ ያነበብኩት ጎልምሼ ነው። እኔ ያቺን ቅርፊት እንዲህ ነው የምተረጉማት፦ እኛ ሁላችን ተሳስተን ከርከዴ ስንቀዳላት፣ የጎደለውን ያወቀው ሰውነቷ ብቻ ነበር፤ መንገዱን ሳያውቅም ቢሆን ብረት ፍለጋ ወጥቶ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ምሳችንን ተሸክማ ወደ ማሳው ስትመጣ ወደቀች። እንጀራው ቃርሚያው ላይ ተበተነ። ዞል ትራክተሩን አስነሥቶ ተሳቢውን አምጥቶ፣ የሰሊጥ ገለባ አንጥፈን ጫንናት። የካምፑ ኃላፊ «ሁለት ሰው ብቻ ይሂድ፣ ሰሊጡ እየከፈተ ነው!» ብሎ ጮኸ። አጠገቧ የነበርነው እኔና ይመር ነበርን፤ እኛ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ይመር ከራሷ ላይ ኩታውን እንደ ጥላ ወጥሮ ቆሞ ነበር። ተሳቢ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ገንዳ ውሃ ሐኪም ቤት የተቀበለን ጤና መኮንን የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገልጦ አየ። ቀይ መሆን የነበረበት ቦታ ነጭ ነው። ደሟን መርምሮ ተመለሰና ነገሩን አላለዘበውም። «ዛሬውኑ ደም ካላገኘች አትተርፍም። ጎንደር እንውሰዳት ብትሉ መንገድ ላይ ታልቃለች። ዘመድ አላት?»

«ጎጃም» አልኩ።

ጎጃም ሩቅ ነው። የቀረነው ሦስታችን ነን። ጣታችንን ተወጋን። ዞል ደሙ ውስጥ ወባ ተገኘበት፤ ከርከዴው ያልገደለው ወባ። የእኔ ዓይነት ለእርሷ አይሆንም ተባለ። ይመር ጣቱን ሲሰጥ «የእኔ መራራ ነው፣ ለማንም አይሆንም» ብሎ ተማምኖ ነበር። ገጠመ።

ይመር እንደተነገረው አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ደም የሰጠ ሰው ማጭድ አያነሣም» አለ። «ዶክተር፣ እኔ ከዚህ ክንድ በቀር ይዤ የወረድኩት ነገር የለም። ለሰው ልክ ተደርጎ የተሰጠ ደም አለ፤ ከፈሰሰ ፈሰሰ ነው።»

ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ ለእኛ ዶክተር ነው። ጤና መኮንኑ አላረመውም። «ይተካል» አለው።

«በምን?»

«መቅኔህ ይሠራዋል።»

ይመር ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «መቅኔ? የበሬ መቅኔ አላውቅምና ነው? ቅልጥም እየሰበርኩ ነው ያደግሁት። ነጭ ቅባት ነው። ከነጭ ነገር ቀይ ይወጣል? ቢዋሹኝም እንደ ደንቡ ይዋሹኝ እንጂ።»

ክርክሩን ዛሬም አደንቀዋለሁ። ባየው ነገር ላይ የቆመ ሰው ክርክር ነው፤ ከብዙ ስብሰባ ከሰማሁት ይሻላል። ጤና መኮንኑ የጎድን አጥንት፣ የዳሌ አጥንት እያለ ማስረዳት ጀመረ፤ ይመር ግን ወደ በሩ ዞሯል፤ የትራክተሩን ድምፅ እየሰማ ነው፤ የሚረግፈውን ሰሊጥ እየሰማ ነው።

«ይመር» አለች እናኑ። ዓይኗን አልገለጠችም። ድምፅዋ ከአልጋው አይርቅም።

«አቤት።»

«ከጥቁር ዋልካ ነጭ ሰሊጥ ስታጭድ አይደለም የሰነበትክ?»

ይመር ከበሩ ወደ አልጋው ዞረ።

«ያን ጊዜ ለምን አልጠየቅህም?» አለች። ትንፋሿን ሰብስባ ጨመረች፤ «አሁን ደግሞ ጨው የለውም በል።»

እየለመነችው አልነበረም። ይህን እርግጠኛ ሆኜ እናገራለሁ። እየሞተችም ቢሆን ይመር ክርክር ሲረታ ማየት አልፈለገችም፤ ይኸው ነው። ዞል ግድግዳውን ተደግፎ ሳቁን መያዝ አቃተው። ይመር ጣሪያውን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ከዚያ ሸሚዙን ይጠቀልል ጀመር።

«ይቺ ሴት ሞታም አታርፍ» አለ። «ውሰዱ። ግን ከግራው ነው። ማጭድ የምይዘው በቀኝ ነው።»

ደሙ እየወረደ ሲገባላት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ ትንፋሿ ተረጋጋ። ቆይቶ ከንፈሯ ላይ ያለው አመድ ከሥሩ እየተገፈፈ እንደሚሄድ ሆነ። ይመር ውጭ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ይጠብቃል። ብቅ ባልኩ ቁጥር «ተማሪው፣ ገረጣሁ?» ይለኛል። ዞል አንድ ጣሳ ከርከዴ ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ አመጣለት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

እኔ ያን ጊዜ ያየሁት የተቀመጠ ወሎዬ ብቻ ነበር። በቆዳው ሥር ምን እየሆነ እንደነበር ሳስብ ግን ዛሬም ኮፍያዬን አወልቃለሁ። ከደሙ የጎደለውን ኩላሊቱ አውቆታል። ኩላሊትን ውሃ ብቻ የሚያጣራ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ የሚደርሰው አየር ሲያንስ ግን «ጨምሩ» የሚል መልእክት በደሙ ውስጥ የሚልክ እርሱ ነው። መልእክቱ የሚደርሰው በደረት አጥንት፣ በጎድን፣ በዳሌ፣ በጀርባ አጥንት ውስጥ ወዳለው ቀይ መቅኔ ነው። ይመር የሚያውቀው የቅልጥሙ ነጭ መቅኔ የስብ ማስቀመጫ ነው፤ እውነቱን ነበር፣ የተሳሳተ አጥንት ሰብሮ እንጂ። እዚያ ቀዩ ውስጥ ሕዋስ ለሁለት ይከፈላል፣ እንደገና ይከፈላል፣ ብረት የያዘውን ቀይ ነገር እስኪጠግብ ይሞላል። ጨቅላዋ ሕዋስ እንደማንኛዋም ሕዋስ አስኳል አላት፤ አስኳል ማለት ትእዛዝ የሚወጣበት ጽሕፈት ቤቷ ነው። ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ግን አስኳሏን አውጥታ ትጥለዋለች፤ ቦታ ይይዛል፣ እርሷ ደግሞ የምትፈልገው አየር የምትሸከምበት ቦታ ነው። ሥራ ለመሥራት ሲል ቢሮውን የጣለ ሠራተኛ በዚህ አገር ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

አስኳል ስለሌላት ራሷን መጠገን አትችልም። አራት ወር ገደማ ትሠራለች፤ ሰሊጥ በሰኔ ተዘርቶ በጥቅምት እስኪታጨድ ያለውን ያህል። ስታረጅ ጣፊያና ጉበት ይለቅሟታል፤ ብረቷ አይጣልም፣ ተመልሶ ለአዲሷ ይሰጣል። አንድ ፍሬ የማያረግፍ ገበሬ ማለት ይህ ነው። ይህ ሁሉ በያንዳንዷ ሰከንድ በሚሊዮን እየተቆጠረ፣ ይመር ኒም ሥር ሆኖ «ገረጣሁ?» ሲል እንኳ ሳይቋረጥ ይካሄዳል። ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ ሪባን ተቆርጦለት፣ ንግግር ተደርጎለት፣ በሳምንቱ መለዋወጫ ጠፍቶ ይቆም ነበር።

እናኑን የወባ መድኃኒትና የብረት ክኒን ሰጥተው ጥቂት ቀን አስተኟት። ጤና መኮንኑ ከምግብ ጋር ሻይም ከርከዴም እንዳትጠጣ ሲላት ዞል አገሩ የተሰደበበት ያህል ተቆጣ። ይመር በማግስቱ ወደ እርሻው ተመለሰ። ኃላፊው አንድ ቀን አሳርፎት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ራሱ ማጭዱን አንሥቶ ወጣ። ሁላችንም በዓይናችን ጥግ እንከታተለዋለን፤ መቼ ይወድቃል እያልን። መጀመሪያ ትንሽ ቶሎ ደከመው፣ ጥላ ፈልጎ ውሃ ጠጣ። እየቆየ እንደ ዱሮው ከፊታችን ገብቶ ማጨድ ጀመረ። የመጨረሻው ሂላ ሲቆም ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ገላብጦ አየው።

«ወላሂ ምንም አልጎደለብኝም» አለ። ቅር የተሰኘ ይመስል ነበር።

«አላልኩህም?» አለው ዞል። «ከርከዴው ነው!»

ይመርም አመነ። በዓመቱም ሲወርድ፣ ከዚያ በኋላም፣ ደሙን የተካው ከርከዴ እንደሆነ እየማለ ይናገር ነበር። በወጣትነቴ ይህ ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን የማደንቀው ይህንኑ ነው። ሆድ ምግብ ይፈልጋል፣ መንግሥት ጭብጨባ ይፈልጋል፤ መቅኔ ብቻ ማንም እንዲያምንበት አይጠይቅም። ይመር ሲክደውም ይሠራለት ነበር።

ጭማቂዬን ጨርሼ ወደ እናኑ ሄድኩ። ገንዳ ውሃ ከሐኪም ቤቱ ብዙ ሳይርቅ የራሷ ምግብ ቤት አላት፤ ጠጉሯ ሸብቷል፣ ምላሷ ግን እንደ ስለት ነው። ቀዩ ሕዋስ አራት ወር ገደማ እንደሚኖር፣ የይመር ደም ከእርሷ ጋር የቆየው እስከ የካቲት ማለቂያ ያህል እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የራሷ ሥራ እንደሆነ ነገርኳት።

«እንዲያ በለኛ!» አለች። «ያን በጋ ወጥ ላይ ጨው እያበዛሁ ተቸግሬ ነበር። ለካ እርሱ ነው ከውስጥ የሚያዝዘኝ!»

እየሳቅን ሳለ አንድ አቧራ የለበሰ ሰውዬ በሩ ላይ ቆመ። ሚስቱ ወልዳ ደም ፈስሷት ሐኪም ቤት ተኝታለች፣ ደም የሚሰጥ ሰው ፈልግ ብለውታል። ተመጋቢው ሁሉ ድንገት እንጀራው ጠፍቶበት የሚፈልገው ይመስል ወጡ ላይ አቀረቀረ። አንዱ ቀስ ብሎ «ቀይ ሥር አጠጧት?» አለ። እናኑ ጭልፋዋን ይዛ ከጓዳ ወጣች።

«አንተ፣ ትከሻህ ሰፊ ነው፣ ተነሥ። አንተም ሥጋ ደግመሃል፣ ተነሥ። ምሳችሁን አስቀምጥላችኋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ተማሪው? ያን ጊዜ አልገጠምክም። ምናልባት ለዚህች ትገጥም ይሆናል።»

ተነሣሁ። መንገድ ላይ የግራ እጄን ሸሚዝ መጠቅለል ጀመርኩ፤ ለምን ግራ እንደሆነ ራሴም አላውቅ፤ ማጭድ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ ነው።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ስለ ቀይ ሥር የፈለጋችሁትን እመኑ፤ መቅኔያችሁ አይቀየማችሁም። ጭማቂያችሁን ጨርሱና ተነሡ። ሂዱና ደም ስጡ።